የሴት ተማሪዎችን የጥያቄ ሰዓት እንዴት እንጀምር? ለድሬዳዋና ለሐረር መምህራን የአሠራር መመሪያ

«የሴቶች ክበብ ኃላፊ ሆኛለሁ። ስለ ወር አበባና ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ላወያያቸው ብሰበስባቸው አንዳቸውም አፋቸውን አይከፍቱም። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ ድሬ ላይ ከሳቢያንም ከመጋላም ከገንደ ቆሬም ይመጣልኛል፤ ከሐረርም እንዲሁ። ለእያንዳንዷ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ ስለሌለው «አንቺ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ከሌላ አገር ተዛውረሽ የመጣሽ ካለሽ አትቀየሚኝ። ወንድ መምህር ከሆንክ ደግሞ ደረጃ 3ን አስቀድመህ አንብብ።

ወደ ሥራው ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር ያዢ፤ የሚከተለው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው። ልጆቹ ዝም የሚሉት ጥያቄ ስለሌላቸው አይደለም፤ ጠያቂዋ በጥያቄዋ ስለምትፈረጅ ነው። ስለ እርግዝና መከላከያ የጠየቀችዋ «ጀምራለች» ትባላለች፣ ስለ ፈሳሽ የጠየቀችዋ «በሽታ ይዟታል» ትባላለች፣ ሞዴስ የተበደረችዋ እስከ ወሩ መጨረሻ መሳቂያ ትሆናለች። «አትፈሩ፣ ተናገሩ» እያሉ መምከር ይህንን አይለውጠውም። የአንቺ ሥራ የጠየቀችውን ካልጠየቀችው፣ የወሰደችውን ካልወሰደችው መለየት እንዳይቻል አድርጎ ማደራጀት ነው።

መመሪያው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጃገረዶች የተዘጋጀ ነው። ለሁለተኛ ደረጃም ይሠራል፤ የጥያቄዎቹ ዓይነት ብቻ ይከብዳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቁልፍ ያለው ሣጥን። የጫማ ካርቶንም ይበቃል፤ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ ከላይ ወረቀት የሚያስገባ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይኑረው።
- በእኩል መጠን የተቆረጡ ወረቀቶችና ለሁሉም አንድ ዓይነት እስክሪብቶ።
- በእኛ ወራት የተዘጋጀ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ ቢቻል የሂጅራውንም አብሮ የሚያሳይ።
- ሞዴስ፣ አዲስ የውስጥ ሱሪዎች (በሁለት በሦስት ልክ)፣ ሳሙና።
- ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት፤ ሁሉም በአንድ ቀለም፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ። ጨርቁን ከቀፊራ ገበያ በሜትር ገዝቶ ለልብስ ሰፊ መስጠት ያዋጣል።
- ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ የዩኒፎርም ጉርድ ቀሚስ።
- ክዳን ያለው የቆሻሻ ቅርጫት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ጆግ።
- ለመስኮት መጋረጃ የሚሆን ስስ ጨርቅ።

ገንዘቡን በቅድሚያ ከትምህርት ቤቱ የድጎማ በጀት ጠይቂ። ካልሆነ የወላጆች ኮሚቴን። ከልጆቹ መዋጮ አትሰብስቢ፤ ያልከፈለችዋ በስም ዝርዝር ላይ ተለይታ ትቀራለች።

ደረጃ 1፦ ወሬው ከመድረሱ በፊት ለወላጆች ድረሺ

የምታነሺያቸውን ርዕሶች በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለርዕሰ መምህሩ ስጪና ፊርማውን ተቀበዪ። ቀጥሎ እናቶችን ለብቻቸው ሰብስቢ። አባቶች ባሉበት ስብሰባ እናቶች አይናገሩም፤ የምትፈልጊው ደግሞ የእነርሱን ንግግር ነው። ሣጥኑንም ከረጢቱንም ይዘሽ ግቢ፤ ያነሡት፣ ከፍተው ይዩት።

በመጀመሪያ የሚጠቅማቸውን ተናገሪ፦ ልጃቸው የወር አበባ በመጣባት ቁጥር ከትምህርት እንዳትቀር ነው። እዚያ ላይ ግን አታቁሚ። ስለ እርግዝና፣ ስለ ኤችአይቪና ስለ ጥቃትም እንደምታነሺ በግልጽ ንገሪያቸው። የዝርዝሩን ግማሽ ደብቀሽ ብትጀምሪ አንዲት እናት ከልጇ ደብተር ላይ ታገኘዋለች፣ «ለካ ለዚህ ነው» ትላለች፣ በማግስቱ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይቀራሉ።

ስብሰባ መጥራት ከባድ ከሆነ ሴቶቹ ወደሚሰበሰቡበት ሂጂ። ድሬ ላይ እድር አለ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ እድርን የመሰለው አፎቻ አለ። እዚያ በዕድሜና በጠባይ የምትከበር አንዲት እናት ካሳመንሽ ከደብዳቤ የበለጠ ትሠራልሻለች።

*ጥንቃቄ፦* የጾም፣ የሶላት፣ የቤተ ክርስቲያንና የቁርባን ሥርዓት የአንቺ ርዕስ አይደለም። በክፍልሽ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አብረው ተቀምጠዋል። በወር አበባ ጊዜ ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይከለከላል ብላ የጠየቀችሽን ወደ እምነቷ አስተማሪዎች ምሪያት። አንቺ የምትጨምሪው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሥርዓቱ የአምልኮ ጉዳይ እንጂ የወር አበባ በሽታ ነው ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱንና ክፍሉን ምረጪ

ትምህርት ካበቃ በኋላ አታድርጊው። ወንድም ወይም ባጃጅ በር ላይ ይጠብቃል፣ ቤት ውስጥ ሥራ አለ፣ የዘገየች ልጅ «የት ነበርሽ?» ትባላለች። በመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀበዪ። ዓርብ ለጁምዓ ስለሚበተን ዓርብን ተዪው። ከሚያዝያ ወዲያ ደግሞ ከቀትር በፊት ይሁን፤ በድሬ ሙቀት ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚሰማሽ የለም፤ ግማሾቹ እንቅልፍ፣ ግማሾቹ ደብተር በማራገብ ላይ ናቸው።

«የፈለገች ትምጣ» አትበይ። የክፍሉ ሴቶች በሙሉ ይገባሉ። መምጣት ምርጫ ሲሆን የመጣችው ምክንያት እንዳላት ይገመትባታል።

ወንዶቹም በዚያው ሰዓት ከወንድ መምህር ጋር ራቅ ባለ ቦታ የራሳቸው ፕሮግራም ይኑራቸው። ሥራ ከሌላቸው መስኮት ሥር ናቸው። መስኮት መዝጋት ደግሞ እዚህ አገር አይታሰብም፤ ልጆቹን ታፍኛቸዋለሽ። ለዚህ ነው ስስ መጋረጃው፤ ነፋስ ያስገባል፣ ዓይን አያስገባም።

ደረጃ 3፦ አጋር ያዢ

ብቻሽን አትጀምሪ። የክፍልሽ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት አማርኛ ብቻ አይደለም፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ ነው፤ ሐረር ከሆንሽ ሐረሪም ይጨመራል። አንዲት ልጅ ሒሳብ በአማርኛ ትሠራለች፤ የሆድ ሕመሟን ግን በእናቷ ቋንቋ ነው የምታውቀው። አጋርሽ አንቺ የማትናገሪውን ቋንቋ የምትናገር መምህርት ወይም በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ብትሆን ይመረጣል።

ተማሪ አስተርጓሚ አታድርጊ። የተረጎመችው ልጅ የሁሉንም ሚስጥር ተሸክማ ትወጣለች።

ወንድ መምህር ለሆንከው፦ በዚህ ክፍል ውስጥ አትግባ። የአንተ ድርሻ ሦስት ነው፤ ወንዶቹን መያዝ፣ በጀቱ እንዲለቀቅ መከራከር፣ እና ደረጃ 8 ላይ ያለውን በራስህ ክፍለ ጊዜ መፈጸም። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ ሣጥኑን በትክክል ተጠቀሚበት

ሣጥን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ጥያቄ ያላት ትክተት» ማለት ከንቱ ነው። ወደ ሣጥኑ የተራመደችው ልጅ በሁሉም ዓይን ትታያለች። እንዲህ አድርጊ፦

ሀ. ለሁሉም ወረቀትና እስክሪብቶ አድዪ።

ለ. በሰሌዳው ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ ለምሳሌ «ዛሬ ጥያቄ የለኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይኖረኝ ይሆናል»። ጥያቄ የሌላት ይህንን ትገልብጥ። ዓላማው የሁሉም እጅ እኩል ጊዜ እንዲጽፍ ነው።

ሐ. በፈለጉት ቋንቋ መጻፍ ወይም መሣል እንደሚችሉ ንገሪያቸው። ስም አይጻፍም።

መ. ሁሉም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ያጥፉ። ሣጥኑን አንቺ በየመቀመጫው እያዞርሽ ተቀበዪ፤ ማንም አይነሣ።

ሠ. ሣጥኑን እዚያው አትክፈቺው። ቤትሽ ወይም ቢሮ ክፈቺና ጥያቄዎቹን በራስሽ የእጅ ጽሕፈት ገልብጪ፤ ከዚያ ወረቀቶቹን አቃጥዪ። የ7ኛ ክፍል ልጆች የጓደኞቻቸውን የእጅ ጽሕፈት ከባንክ ፊርማ መርማሪ በላይ ይለያሉ።

ረ. መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጥያቄዎቹን አሰባጥረሽ ስጪ። «አንዷ እንዲህ ብላ ጠይቃለች» አትበይ፤ «ብዙ ልጃገረዶች ይህንን ማወቅ ይፈልጋሉ» በይ።

አስደንጋጭ ወረቀት ሊወጣ ይችላል፤ ጥቃት፣ ግዳጅ ጋብቻ፣ ራስን መጉዳት። ጸሐፊዋን በእጅ ጽሕፈት አታሳድጂ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሁሉም፣ የትኛው ሰዓት ላይ የት ክፍል እንደምትገኚ፣ ከአንቺ ሌላ ማንን ማግኘት እንደሚችሉና ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ንገሪ። ይህንን ሣጥኑ ውስጥ ምንም ባይገኝም በየሳምንቱ ድገሚው፤ አንድ ሳምንት ብቻ ከተናገርሽው «ማን ምን ጻፈች?» የሚል ፍለጋ ይጀመራል።

ደረጃ 5፦ ለማይቀሩት ጥያቄዎች መልስ ይዘሽ ግቢ

ጥያቄዎቹ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ብዙም አይለያዩም። መልስሽ አጭርና ያልተሸፋፈነ ይሁን። ለመልስ ስትደናበሪ ካዩሽ ነገሩ በእርግጥ የሚያሳፍር ነው ብለው ይደመድማሉ።

«በወር ሁለት ጊዜ መጣብኝ፤ ወይም ሁለት ወር ቀረ» — በጀመረች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት መዛባቱ የተለመደ ነው። በልጃገረዶች ከአንዱ መምጫ እስከ ቀጣዩ ከ21 እስከ 45 ቀን ሊሆን ይችላል፤ የሚፈስሰውም ከ2 እስከ 7 ቀን ነው። ወሲብ የፈጸመች ልጅ ግን ሲቀርባት ጤና ጣቢያ ሄዳ መመርመር አለባት። ይህንንም ለሁሉም ተናገሪው።

«ሎሚ መጠጣት ያቆመዋል? ገላ መታጠብስ ይጎዳል?» — ሎሚ አያቆመውም። መታጠብም አይጎዳም፤ ይልቁን በየቀኑ በንጹሕ ውኃ ከውጭ በኩል መታጠብ ያስፈልጋል። ወደ ውስጥ ሳሙና ማስገባት ነው የሚጎዳው።

«ሞዴስ ድንግልና ያጠፋል?» — አያጠፋም፤ ከውጭ የሚቀመጥ ነው። አንዲት ሴት ወሲብ መፈጸም አለመፈጸሟን በማየት በእርግጠኝነት መለየትም አይቻልም።

«የወር አበባ ያላየች ልጅ ታረግዛለች?» — ትችላለች። እንቁላል ከመጀመሪያው ደም በፊት ሊወጣ ይችላል።

«ነጭ ፈሳሽ አለብኝ» — ነጭ ወይም ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው፣ የማያሳክክ ከሆነ ጤናማ ነው። ካሳከከ፣ ከሸተተ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ካደላ ወደ ጤና ጣቢያ። በሽታ ነው ማለት ደግሞ የግድ በወሲብ የመጣ ነው ማለት አይደለም።

«ሕመሙ አያስቀምጠኝም» — ለብ ያለ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሆድ ላይ ማስቀመጥ፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ፣ ከጤና ባለሙያ ተጠይቆ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ማስታገሻ ይረዳል። (በግንቦት ድሬ ላይ የሞቀ ጠርሙስ ማቀፍ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይሠራል።)

ወደ ሐኪም የሚያስኬዱትን ደግሞ በሰሌዳው ላይ ጻፊያቸው፦ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስና ለተከታታይ ሰዓታት የማይቆም ደም፣ ከ7 ቀን ያለፈ መፍሰስ፣ ማዞርና መድከም፣ ከትምህርት የሚያስቀር ሕመም፣ 15 ዓመት ሞልቷት ጭራሽ አለማየት።

በአካባቢያችን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ግርዛት፣ በተለይም የመስፋት ዓይነቱ የተፈጸመባት ልጅ ሽንቷም የወር አበባዋም በጠባቡ ስለሚወጣ ለረጅም ቀናት ልትሠቃይ ትችላለች፤ ሕክምናም አለው። በክፍል ውስጥ «የተገረዘች አለች?» ብለሽ ፈጽሞ አትጠይቂ። «ሽንት ለመጨረስ ረጅም ጊዜ የሚወስድባት፣ የወር አበባዋ ጠብ ጠብ እያለ የሚያምማት ልጅ አዋላጅ ነርስ ልታያት ይገባል» ብለሽ እለፊ። የምትመለከታት ይገባታል።

የማታውቂው ጥያቄ ከመጣ «ነርሷን ጠይቄ በሚቀጥለው ሳምንት እነግራችኋለሁ» በይና በቃልሽ ተገኚ።

ደረጃ 6፦ ከረጢቱን ለሁሉም ስጪ፣ መሙያውን ክፍት ተዪው

በከረጢቱ ውስጥ ሁለት ሞዴስ፣ አንድ የውስጥ ሱሪ፣ ትንሽ ሳሙና፣ የተጠቀመችበትን የምትጠቀልልበት ፌስታል ይግባ። የወር አበባ ያላየችውም ትወስዳለች፤ በቦርሳዋ ትያዘው። ሁሉም ሲኖራት ከቦርሳ ወድቆ ቢታይ ወሬ አይሆንም።

መሙያው፣ ማለትም ከረጢቱ ሲጎድል የሚተካው ሞዴስ፣ የት ይቀመጥ? ብዙ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁምሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ አንድ ሞዴስ ለማግኘት ልጅቱ ጸሐፊዋን አልፋ፣ ወንድ ኃላፊ ፊት ቆማ፣ ምክንያቷን ትናገራለች። ይህ ከሚሆን ባይገዛ ይሻል ነበር። ሴቶች መጸዳጃ መግቢያ ላይ ባለ መደርደሪያ፣ ያለ ቁልፍና ያለ መዝገብ አስቀምጪው። ትርፍ ጉርድ ቀሚሶቹም እዚያው ይሰቀሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ያልቃል። «ተሰረቀ» ብለሽ አትቆልፊ። ለእኅቷ የወሰደች አለች፣ ይቀራል ብላ ያከማቸች አለች። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን እንደሚሞላ ሲያዩ ማከማቸቱ ይቀንሳል።

ሞዴስ በየ4 እስከ በየ6 ሰዓቱ መለወጥ አለበት፤ በሙቀት ጊዜ ወደ 4ቱ ይጠጋል። ያገለገለው መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም መቀመጫ ውስጥ አይጣልም፤ ይዘጋል። ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ ይግባ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም በየቀኑ ታስወግደው። ጓንት ግዢላት፤ በጀቱ ውስጥ እርሷን የሚያስታውስ የለም።

ውኃ በሚቋረጥባቸው ቀናት ጀሪካኑ ሞልቶ እንዲያድር ኃላፊነት ለአንድ ሰው ስጪ። ውኃ የሌለው መጸዳጃ ካለ ልጅቱ የምትሄደው ወደ ቤቷ ነው፤ ከሄደች አትመለስም።

ደረጃ 7፦ የጨርቅ አጠባንና አደራረቅን አሳዪ

ሞዴስ በየወሩ መግዛት የማይችል ቤት ብዙ ነው፤ ጨርቅ የሚጠቀሙትም ብዙ ናቸው። በጨርቅ መጠቀም ችግር የለውም። ችግሩ ከታጠበ በኋላ የሚደበቅበት ቦታ ነው፦ ፍራሽ ሥር፣ አልጋ ስር፣ ሌላ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ። እርጥብ ሆኖ የቆየ ጨርቅ ጀርም ያፈራል፣ ያሳክካል፣ ይሸታል፤ ሽታው ደግሞ የፈሩትን ሐፍረት ራሱ ያመጣዋል።

1. የሚመረጠው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ናይለን አይመጥጥም፣ ያልባል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ጨርቅ እድፉን ይደብቃል፣ መጽዳቱንም ማወቅ አይቻልም።

2. በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፍዘፍ። ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያስይዘዋል። የድሬ ቧንቧ ውኃ ቀትር ላይ ሞቆ ስለሚወርድ ከማታ የተቀዳውን መጠቀም ይሻላል።

3. በሳሙና ማጠብና ደጋግሞ ማለቅለቅ። የከተማችን ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት (የማንቆርቆሪያሽን ውስጥ ተመልከቺ) ሳሙናው አረፋ አይሰጥም፣ ጨርቁም ላይ ይቀራል። የቀረ ሳሙና ቆዳ ያሳክካል። ሳሙና መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ማለቅለቅ መጨመር ነው።

4. ፀሐይ ላይ ማስጣት። ድሬዎች በዚህ ታድለናል፤ በቀትር ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። ለሚያፍሩት መላው ይህ ነው፦ ጨርቆቹ በገመዱ ላይ በመጀመሪያ ይሰጡ፣ ከላያቸው አንድ ስስ ሻሽ ወይም ነጠላ ይደረብ። ፀሐዩና ነፋሱ ያልፋል፣ ጎረቤት የሚያየው ሻሽ ብቻ ነው። ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አይደረብበት፤ ፍራሽ ሥር ከመክተት አይለይም።

5. በደንብ መድረቁን በጉንጭ ነክቶ ማረጋገጥ፤ ቅዝቃዜ ከተሰማ እርጥበት አለ። ካውያ ካለ መተኮስ። ከዚያ በንጹሕ ከረጢት ማስቀመጥ።

6. ጨርቅ ከእኅት ጋርም ቢሆን አይጋሩም።

ይህንን በቃል አትንገሪያቸው። አዲስ ጨርቅ ላይ ቀይ ቀለም አፍስሰሽ በባልዲ እያጠብሽ አሳዪ። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ተያቸው ይሳቁ።

ደረጃ 8፦ ክፍል ውስጥ ያለውን ሥርዓት ለውጪ

ይህ የሴቶች ክበብ ሥራ አይደለም፤ የመምህራን ሁሉ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር አስወስኚ።

አንደኛ፣ ተማሪ ተቀምጦ መልስ መስጠት ይፈቀድለት፤ ወንዱም ሴቷም። ብዙ መምህር «ተነሺና መልሺ» ይላል። ልብሷን የጠረጠረች ልጅ አትነሣም፤ መልሱን እያወቀች «አላውቅም» ትላለች፣ ወይም ባለጌ ተብላ ትወጣለች። ፈቃዱ ለሴቶች ብቻ ከሆነ ግን ተቀምጣ የመለሰችው ሁሉ ትጠረጠራለች።

ሁለተኛ፣ መጸዳጃ ስትጠይቅ ምክንያት አይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ የአንዷ ልብስ ከተበላሸ መምህሩ ስሟን አይጥራ። «ደብተራችሁን ያዙና ወደ ሜዳ ውጡ» ብሎ ክፍሉን በሙሉ ያውጣ፤ እርሷ ኋላ ትቀራለች፣ ጓደኛዋ ቀሚስ ታመጣለች። አምስት ደቂቃ ይባክናል። ልጅቱ ግን በማግስቱ ትመጣለች።

በረመዳን ደግሞ አንድ ነገር ጨምሪ። የማትጾም ሙስሊም ልጅ ውኃ ስትጠጣ ከታየች ምክንያቷ ለሁሉም ይገለጣል፤ ስለዚህ በዚያ ሙቀት ውኃ ሳትቀምስ ትውላለች። ሴቶች ክፍል ውስጥ ክዳን ያለው ጆግ አስቀምጪ። ማንም «ለምን አትጾሚም?» አይበላት።

ደረጃ 9፦ መቁጠር አስተምሪ

የምትደነግጠው ሳታስበው የመጣባት ልጅ ናት። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን መሆኑ ለመቁጠር ይመቻል። በየ28 ቀኑ የሚመጣባት ልጅ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ መስከረም 12 ከነበረ ጥቅምት 10፣ ከዚያ ኅዳር 8። የሚያሳስተው ጳጉሜን ነው፤ 5ቱን (ወይም 6ቱን) ቀን የረሳች መስከረም ላይ ሒሳቧ ይፋለሳል። ሙስሊሞቹ ልጆች ቀዳ፣ ማለትም ሳይጾሙ ያለፉትንና በኋላ የሚከፍሉትን የጾም ቀን፣ ለመቁጠር አስቀድመው የለመዱ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ቶሎ ይይዙታል።

ምልክቱ ደብተር ጥግ ላይ ነጥብ ብቻ ይሁን። *ጥንቃቄ፦* ይህ ቆጠራ ለመዘጋጀት ነው። እርግዝና ለመከላከል እንደማያገለግል፣ በተለይ ገና ባልተስተካከለ ዑደት፣ ደጋግመሽ ንገሪያቸው።

ደረጃ 10፦ ለብቻዋ የመጣችውን ተቀበዪ

ክፍለ ጊዜው ከሠራ አንዲት ልጅ ለብቻዋ ትመጣለች። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ አትማዪላት። «ሕይወትሽን የሚያሰጋ ከሆነ የሚረዳሽ ሰው ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ አንቺ ሳታውቂ ግን ለማንም አልናገርም» በያት። ከዚያ ስሚ። «ለምን ሄድሽ? ምን ለብሰሽ ነበር?» የሚሉ ጥያቄዎች ካፍሽ አይውጡ።

*ተደፍራ ከሆነ* ሰዓት ወሳኝ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ በቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት (በፌስታል አይደለም፣ ይሻግታል) ይዛ ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና አለ። ሕክምናው ፖሊስን አይጠብቅም። ሽማግሌ ከሐኪም አይቅደም፤ ዕርቅ ሲጎተት 72ቱ ሰዓት ያልፋል።

*አርግዛ ከሆነ* ከሁሉ የከፋው ብቻዋን በድብቅ መፍትሔ መፈለጓ ነው። አብረሻት ጤና ተቋም ሂጂ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋር ከተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና የሚያሰጋ ከሆነ፣ ወይም ልጅቱ በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ካልደረሰች በሕክምና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለመደፈሯም ቃሏ በቂ ነው። ውሳኔው የእርሷና የሐኪሙ ነው፤ አንቺ የምታደርጊው መንገዱ እንዳለ ማሳወቅ ነው።

*ልትዳር ከሆነ* ሕጋዊው ዕድሜ 18 መሆኑን ንገሪያትና ከሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ጋር አገናኚያት። የሠርጉ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ማስቆም ከባድ ስለሆነ ወሬው እንደተሰማ ነው።

*መከላከያ ወይም ምርመራ ከፈለገች* በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። የሚያስፈራት ሐኪሙ አይደለም፤ ወረፋው ላይ የእናቷን ጎረቤት ማግኘት ነው። የሰፈሯን ጤና ጣቢያ የግድ አትበያት፤ ሳቢያን የምትኖረው ወደ ሌላ ሰፈር ትሂድ። ከነርሷ ጋር አስቀድመሽ ተነጋግረሽ ወረፋ የሚሳሳበትን ሰዓት እወቂ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- በመጀመሪያው ቀን ስለ ኤችአይቪና ስለ እርግዝና አስፈሪ ንግግር መክፈት። የፈራች ልጅ አትጠይቅም። ከወር አበባ ጀምሪ፤ ሌላው በሣጥኑ በኩል ራሱ ይመጣል።
- ከረጢት ስትቀበል ፎቶ ማንሣት። ለሪፖርት ቁጥር ይበቃል፤ ፊት አያስፈልግም።
- ያረገዘችን ወይም ትምህርት ያቋረጠችን ልጅ እንደ ምሳሌ መጥቀስ። ስሟን ባትጠሪም ሁሉም ያውቋታል፤ እኅቷ እዚያው ተቀምጣ ሊሆን ይችላል።
- የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሲመጣ ልጆቹን ሳያስረዱ ማሰለፍ። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ተከትሎት ነበር፤ አያደርግም። ነርሷ ከክትባቱ ቀን በፊት መጥታ ለእናቶች ታስረዳ።
- ሁለት ሦስት ሳምንት ሣጥኑ ባዶ ሲሆን «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ መተው። በመጀመሪያ የሚመጡት ከሰሌዳው የተገለበጡ ወረቀቶች ናቸው። ልጆቹ አንቺን እየፈተኑ ነው፤ የመጣችውን አንዲት ጥያቄ እንዴት እንደመለስሽ አይተው ይከተላሉ።

ዓመቱ ሲያልቅ የተረፉትን ጉርድ ቀሚሶች አጥበሽ፣ መደርደሪያውን ለሚቀጥለው ኃላፊ በጽሑፍ አስረክቢ፤ የሞዴሱ በጀት ከነሐሴ በፊት መጠየቅ እንዳለበትም ጻፊላት። መስከረም ላይ የተጠየቀ በጀት ኅዳር ነው የሚለቀቀው።